ጥሩንባ በባዶው ስታዲየም

ጥሩንባ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸው ለባላጋራ ቡድን ነበር።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ያን ዕለት ከሰዓት ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ማስክ ትሰፋለች፤ እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ታያለች። በበሽታው ምክንያት ለወራት ተቋርጦ የነበረው ሊግ ተመልካች በሌለበት ስታዲየም የተመለሰበት የመጀመሪያ ጨዋታ ነው። የሰፈራቸው ቡድን ባቡር ከጡብ ፋብሪካው ቡድን ጋር ተጋጥሟል። ስታዲየሙ ከቤታቸው ጀርባ ስለሆነ መስኮቱ ከተከፈተ የዳኛው ፊሽካ እንኳን ይሰማል። እንዲያውም ቀድሞ የሚደርሰው በመስኮት የሚገባው ድምፅ ነው። ቴሌቪዥኑ ያንኑ ነገር ትንሽ ዘግይቶ፣ ለቀብር እንዳረፈደ ዘመድ እያለከለከ ያመጣዋል።

ጡቦች ጎል አገቡ። በመስኮቱ የሰው ጩኸት ገባ፤ የብዙ ሺህ ሰው ጩኸት። ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። በሩ በተቆለፈ ስታዲየም ውስጥ ማን ነው የሚጮኸው? ወዲያው ከበሮ ተመታ፣ ከጩኸቱም መሐል አንድ ድምፅ ለብቻው ወጣ።

«ማን አለ?»

«እኛ አለን!» አለ ሺው።

«ማን አለ?»

እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀረ። መርፌው ጨርቁን እንደወጋ ቆመ። ድምፁ የወንድሟ ነው። ከበሮውም የራሷ ከበሮ፣ በራሷ እጅ የተመታ። ልብ ብላ ሳትጨርስ ቴሌቪዥኑ ደረሰና ያንኑ ደገመው።

እናቷ ብድግ አለች። «መጣ!» አለች። ከዚያ ማን እንዳገባ ስታይ ፊቷ ተጨማደደ። «ምነው ልጄ? ለጡብ?»

ጥሩንባ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለት ጉሮሮው ነው። ቦታው ከጎሉ ጀርባ አጥሩ ላይ፣ ለሜዳው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ደጋፊው አዙሮ ነበር። እሱ አውራጅ፣ እህቱ ከበሮ መቺ፣ ሕዝቡ ተቀባይ። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲጫወት ያየው በሰው ፊት ላይ ነው፤ ሰው አፉን ሲይዝ ኳሷ ብረቱን እንደመታች ያውቃል፣ ሰው ሲበተን እንደተሸነፉ ያውቃል። እህቱ «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳን ዞር ብለህ ጎል እይ እንጂ» ስትለው፣ «ጎሉን አንቺ እይልኝ፣ እኔ ሰዉን ልይ» ይላታል። ጡቦች ሲመጡ ደግሞ የሚወረውረው ቃል ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፦ «ጡብ በባቡር ይጫናል እንጂ ባቡር በጡብ አይጫንም!» እናቱ ስታዲየም ረግጣ አታውቅም። በጨዋታ ቀን መስኮቱን ከፍታ ልጇን በጆሮዋ ትጠብቃለች፤ ድምፁ ሲቆም «ጨረሰ» ትልና ራት ማሞቅ ትጀምራለች።

ሊጉ ከመቋረጡ በፊት የነበረው የመጨረሻ ጨዋታ ዕለት በሽታው ከተማ እንደገባ ሁሉም ሰው ሰምቷል። የሌሎች አገሮች ሜዳዎች ተዘግተዋል፤ እዚህ ግን ቲኬቱ ተሽጧል፣ የማስታወቂያው ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ ፌዴሬሽኑም «የሚያሰጋ ነገር የለም» ብሏል። ሕዝቡ በሳጥን እንዳለ ክብሪት ተጠጋግቶ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ከበሮዋን እየመታች ቀና ስትል የክብር እንግዶቹን መቀመጫ አየች። ባለሥልጣኖቹ ሁሉ ማስክ አጥልቀዋል። በያንዳንዳቸው መሐል አንድ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ያን ጊዜ እንግዳ ቀርቶባቸው ነው ብላ አለፈችው።

ከሳምንት በኋላ ሊጉ ተቋረጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጥሩንባ የሊጉን መቋረጥ የሰማው በትኩሳት ተኝቶ ሳለ ነበር። ሆስፒታል ከገባ በኋላ ያ ጉሮሮ ውሃ እንኳን መጠየቅ አቃተው አሉ፤ «አሉ» ነው፣ ማንም እንዲያየው አልተፈቀደም። የቀበሩት ከአናት እስከ እግር የተሸፈኑ የማያውቁት ሰዎች ናቸው። እናትና ልጅ ከሩቅ፣ ከመኪና ውስጥ ሆነው አዩ። ለስንት ሺህ ሰው ሲጮህ የኖረ ሰው በዝምታ ገባ። ለቅሶ የሚደርስ አልመጣም፤ መምጣት ክልክል ነበር። እናቷም አላለቀሰችም። ከማን ጋር ታልቅስ?

እንግዲህ ይህ ድምፅ ነው በመስኮት ተመልሶ የገባው።

ሊጉ ቀጠለ። በዚያ ሜዳ የሁሉም ቡድን ጨዋታ ይካሄድ ስለነበር ጥሩንባ ለሁሉም ጮኸ፤ ስማቸውን ሰምቶ ለማያውቃቸው ቡድኖች፣ ሲሰድባቸው ለኖሩትም ጭምር። ጎል ያገባ ሁሉ ጥሩንባን አገኘ። እናቷ መቼ ጨዋታ እንዳለ ከማንም ቀድማ ታውቅ ጀመር፤ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላ ጫማዋን በደህና ጫማ ለውጣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ጎል የሌለበት ጨዋታ ከሆነ ስታኮርፍ ትውላለች። «እነዚህ ደግሞ ምን እግር አላቸው!» ትላለች።

«እማዬ፣ የተቀዳ ድምፅ ነው እኮ። ማሽን ነው።»

«እኔ ማሽን አልወለድኩም።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። በእናቷ አይደለም። ያ ድምፅ የተቀዳው በዚያ ዕለት ነው፣ በመጨረሻው ጨዋታ፤ ከበሮዋ ቀኝ ጎኑ የተቀደደው ያን ዕለት ስለሆነ በምቱ ታውቀዋለች። ሕዝቡን በሽታ ውስጥ አጉረው ያስጮኹትን ጩኸት፣ አሁን ሕዝቡ እንዳይመጣ ከልክለው፣ ለጌጥ ያጫውቱታል። ልቧ እንደ ጋለ ካውያ ሆነ፤ የነካችውን ሁሉ የምታቃጥል መሰላት። አንድ ቀን ማለዳ ለሱቅ የምታደርሰውን ማስክ በፌስታል ቋጥራ ወጣችና ፌዴሬሽኑ ቢሮ ሄደች።

ዋና ጸሐፊው ሰፊ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ተቀበሏት። የፌዴሬሽኑ ዓርማ ያለበት ማስክ አድርገዋል፤ የጆሮውን ክር ስታይ ስፌቱ የራሷ እንደሆነ አወቀች። ከሱቅ በኩል ታዝዛ የሰፋችው ነው። ለካ አፋቸውን የሸፈነችላቸው እሷ ናት።

«ይቀመጡ እህቴ። ራቅ ብለው፤ እንደሚያውቁት በሽታው በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው።»

ለቀባሪው አረዱት። ሳትቀመጥ ነገረቻቸው፦ የወንድሟ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ይውረድ።

«የማን ድምፅ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አሉ ለስለስ ብለው። «ያ የሕዝብ ድምፅ ነው። ደጋፊው በአካል ባይኖር በድምፅ እንዲኖር ያደረግነው ነው። ብዙ ሰው አመስግኖናል።»

«ለጡብ ያስጮኻችሁትስ?»

«ለሁለቱም ቡድን እኩል ድምፅ እንዲለቀቅ መመሪያ አለ። ፌዴሬሽኑ ገለልተኛ ነው።»

«ያን ዕለትስ? ሁላችሁም ማስክ ያደረጋችሁ ቀን ለእኛ ምን መመሪያ ነበር?»

ዋና ጸሐፊው እስክሪብቶአቸውን አንስተው አስቀመጡ። «ለተመልካቹ የጥንቃቄ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር።»

«የት?»

«መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ። ‹እጃችሁን ታጠቡ› የሚል።»

«ውሃ አልነበረም።»

«እሱ የውሃ ክፍሉ ጉዳይ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እህቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል። ግን ወንድምዎ ቧንቧ ሠራተኛ አልነበሩም? የስንቱን ሰው ቤት ይገቡ ነበር። የት እንደያዛቸው እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ይህን እሷም አስባው ታውቃለች። ብቻዋን ስትሆን እየመጣ የሚነክሳት ሐሳብ ይኸው ነው። ከዚያ ቤት ይሆን? ከዚያ አውቶቡስ ይሆን? ከእኔ ይሆን? ከዋና ጸሐፊው አፍ፣ በራሷ ስፌት በኩል ተጣርቶ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

«የት እንደያዘው አላውቅም» አለች። «እናንተ የት እንደተቀመጣችሁ ግን አውቃለሁ። በመሐላችሁ ባዶ ወንበር ነበር።»

ዋና ጸሐፊው ሰዓታቸውን አዩ። ልብስ ሰፊዋ ወጣች። በሩን በሙሉ ኃይሏ ልታላትመው ብትወረውረው በሩ በቀስታ የሚዘጋ ዘመናዊ በር ሆኖ «ፍስስስ» እያለ ተከተላት። እንዲህ ያለ በር ላይ እንኳን መቆጣት አይቻልም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ስታዲየሙ ሄደች። ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ሽቦ አለ። ሽቦ የስታዲየሙ ድምፅ ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን ስለሆነና ኪሱም አንገቱም በኤሌክትሪክ ገመድ የተጠመጠመ ስለሆነ እንዲህ ይባላል። የጥሩንባ ጓደኛ ነበር። ዘበኛው ስለሚያውቃት አሳለፋት።

«ከበሮ!» አለ ሽቦ ሲያያት። «ዘገየሽ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድንጋይ ይዘሽ ትመጫለሽ ብዬ ነበር የምጠብቅሽ።»

«ድንጋዩ ደጅ አለ። ለምን እንዲህ አደረግህ?»

ሽቦ የተቃጠለ ገመድ በሚሸተው ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጣት ቦታ ፈለገ፣ አጣ። «ከውጭ የተገዛ ጩኸት ሰጡኝ። የየት አገር ሰዎች እንደሆኑ እንጃ። ለሙከራ ለቀቅሁት። ሜዳው የሰው ቤት መሰለኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ እዚህ ሜዳ ላይ የማላውቀው ሰው ይጩህ? ጥሩንባ የሌለበት ስታዲየም... እንዲኖር ብዬ ነው፣ እህቴ ሙች። እንዲኖር ብዬ።»

«እንዲኖር ብለህ ለጡብ አስጮህከው?»

«ገለልተኛ ሁን ተባልኩ!»

«ጋሼ ገለልተኛ ሆኖ ያውቃል?»

«እንኳን እሱ ቧንቧው ገለልተኛ አልነበረም» አለ ሽቦ። «የጡብ ደጋፊ ቤት የገጠመው ሁሉ ያንጠባጥባል ሲሉት አልሰማሽም?»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው፤ መሳቋ ራሱ አናደዳት። «አጥፋው» አለች።

ሽቦ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ፣ «እናትሽስ?» አለ።

«እናቴ ምን?»

«አልነገረችሽም? ጨዋታ ባለ ቁጥር ጠዋት ትደውልልኛለች። ‹ዛሬ ንፋስ አለ፣ ልጄን ከፍ አድርገው› ትለኛለች። ከፍ አደርገዋለሁ። ምን ልበላት?»

ልብስ ሰፊዋ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድ ላይ ተቀመጠች። ቁጣዋ የሚቆምበት እግር አጣ። ጠላቶቿን ለመምታት የሰነዘረችው ክንድ መንገድ ላይ እናቷን ሊያገኝ ነው።

«እስቲ አሰማኝ» አለች በመጨረሻ።

አሰማት። ከበሮ። ጥሪ። ምላሽ። ሽቦ ለሥራ እንዲመቸው ጥሪውን ለብቻ፣ ምላሹን ለብቻ ቆራርጦታል፤ እንደፈለገ ያስረዝመዋል፣ እንደፈለገ ይደጋግመዋል። «ይኸውልሽ» አለ፣ «ካልሽ እንዲህ ላድርገው። ጥሪውን ላውጣና ግራና ቀኙን ላጣብቀው። ከበሮ፣ ወዲያው ሕዝቡ። ማንም አያውቅም።»

«ማንም አያውቅም?»

«ማንም። መጋጠሚያው አይታይም።»

ልብስ ሰፊ ናትና መጋጠሚያው የማይታይ ስፌት ምን እንደሆነ ታውቃለች። የተቀደደ ሱሪ የሚያመጣ ሰው ሁሉ የሚለምናት ይህንኑ ነው፦ እንዳይታወቅብኝ አድርገሽ። እሷም ትሠራዋለች። ሱሪው የሰውየው ነው፣ ቀዳዳውም የራሱ ነው። ይህ ቀዳዳ ግን የማን ነው?

«አታጣብቀው» አለች።

«እንዴ?»

«ጥሪውን አውጣ። ቦታውን ግን ተወው። እሱ የሚጮህበትን ያህል ጊዜ ዝም ይበል። ከዚያ ሰዉ ይመልስ።»

ሽቦ አየት አደረጋት፤ ጣቱ ማሽኑ ላይ ሄደ። ከበሮው ተመታ። ከዚያ ምንም። ክፍሏ ውስጥ አየሩ ራሱ የሄደ መሰለ። «እኛ አለን!» አለ ሺው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሽቦ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «እንዲህ ብዬ በመላው አገር ቴሌቪዥን ልልቀቀው? በመጪው የዋንጫ ጨዋታ? የማሽን ብልሽት ነው ብዬ አንዴ ባመልጥ ሁለተኛ አላመልጥም። ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ያባርሩሃል» አለች። ልታጽናናው አልሞከረችም።

«አንቺ ሰው!» አለ ሽቦ። «ወንድምሽ ቢሆን ቢያንስ ‹አያባርሩህም› ብሎ ይዋሸኝ ነበር።» ግን ማሽኑን አላጠፋውም።

የዋንጫው ቀን ደረሰ። ባቡር ካሸነፈ ሻምፒዮን ነው፤ ሰፈሩ ይህን ሲጠብቅ አርጅቷል። እናቷ ጠዋት ተነስታ ደህናውን ቀሚስ ለበሰች። ስልኩን ይዛ ብዙ ቆየችና፣ «ሽቦ ዛሬ ምን ነካው? አያነሳም» አለች። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ክር ግን አላስገባችም።

ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ዋና ጸሐፊው በድምፅ ማጉያው ንግግር አደረጉ። በመስኮትም በቴሌቪዥንም ተሰማ። «ወረርሽኙ የውድድር ዘመኑን ቢፈታተነውም አላሸነፈውም። ውድ ደጋፊዎቻችን በአካል ባይገኙም በድምፃቸው አብረውን ናቸው፤ ማንም አልቀረም!» ካሜራው የክብር መቀመጫውን አሳየ። በመሐላቸው አሁንም አንድ አንድ ባዶ ወንበር አለ።

ባቡር ከዕረፍት በፊት አገባ።

በመስኮት ጩኸቱ ገባ። ከበሮው ተመታ። እናቷ አንገቷን ወደ መስኮቱ ሰገግ አድርጋ፣ እንደ ሁልጊዜዋ በከንፈሯ አብራ ልትል አፏን ከፈተች።

ምንም።

«እኛ አለን!»

ከበሮ። ምንም። «እኛ አለን!»

«ምን ሆነ?» አለች እናቷ። «ምን አደረጉት?» ቴሌቪዥኑም ደረሰ፤ እሱም ያንኑ ቀዳዳ ይዞ መጣ። ጨዋታ አስተላላፊው ግራ ተጋብቶ፣ «የድምፅ ችግር ያለ ይመስላል፣ ውድ ተመልካቾቻችን» አለ።

ልብስ ሰፊዋ መዋሸት ትችል ነበር። ማሽኑ ተበላሸ ብትል ያልፋል። «እነሱ አይደሉም፣ እማዬ። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።»

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። እንዲህ አይታት አታውቅም። «አንቺ?» አለች። «በገዛ እጅሽ? ሁለተኛ ቀበርሽው?»

«አንደኛም አልቀበርነውም፣ እማዬ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የሰማችው። እናቷ ወደ አልጋው ተመለሰች። ጀርባዋን ሰጥታት ተቀመጠች። ዕረፍቱ እስኪያልቅ ቴሌቪዥኑ ስለ ሳሙናና ስለ ስልክ ካርድ ብቻውን አወራ። ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ትከሻ ስታይ፣ ሽቦን ስልክ ደውላ ‹መልሰው› ልትለው እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች። መለሰችው። እንደገና ሰደደች። እንደገና መለሰችው። ልክ ትሁን አትሁን አላወቀችም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያ ሰውዬ «ማንም አልቀረም» ብሎ በሰላም ወደ ቤቱ መግባት የለበትም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ባቡር ደገመ። ዋንጫው ገባ። በመስኮት ጩኸቱ፣ ከበሮው፣ ከዚያ ያ ዝምታ፣ ከዚያ «እኛ አለን!»

እናቷ ተነሳች። ቴሌቪዥኑ ገና አልደረሰም። በደህናው ጫማዋ ሄዳ ፊቱ ቆመች፤ ወደ ልጇ ሳይሆን፣ መስታወቱ ላይ ወዳለው፣ እያጨበጨበ ወዳለው ዋና ጸሐፊ እያየች። ጩኸቱ በቴሌቪዥኑ መጣ። ከበሮው ተመታ። ዝምታው ሲደርስ፣ ስታዲየም ረግጣ የማታውቀው፣ በሕይወቷ ከመስኮት አልፋ ያልተጣራችው ሴት፣ ለወራት ተቋጥሮ የቆየውን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስባ፣ በልጇ ጉሮሮ ጮኸች።

«ማን የለም?»

«እኛ አለን!» አለ ቴሌቪዥኑ።

«ማን የለም?»

«እኛ አለን!»

«ዋሾ!» አለችው። «ውሸታም!» ከዚያ መስኮቱን እስከ ጥጉ ከፈተችና ወደ ስታዲየሙ፣ ወደተቆለፈው በር፣ ወደነዚያ ባዶ ወንበሮች ጮኸች፦ «ማን የለም?» እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፁ ግን አልተሰበረም። ለካ ያ ጉሮሮ ከዚህ ነው የመጣው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ቀና ብሎ ቆመ።

ልብስ ሰፊዋ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር ቀኝ ጎኑ የተቀደደውን ከበሮ ጎትታ አወጣች። አቧራውን አልጠረገችም። እናቷ ትንፋሽ እስክትስብ ጠበቀቻትና መታች።